ስለ ትክትክና ስለ ባክቴሪያዋ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ተደጋግመው የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራው ላቦራቶሪ። ጎረቤት ይህን ስለሚያውቅ ደረጃ ላይም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ቡና ላይም ጥያቄ አይጠፋም። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ትክትክ ይዟት ከከረመች ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ወደዚሁ ዞረ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትክትክ ከሌላው ሳል በምን ይለያል?

መጀመሪያ ላይ በምንም አይለይም። ችግሩም እሱ ነው። ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ቀለል ያለ ሳል፤ ትኩሳቱም ያን ያህል አይደለም። አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይቆያል። እናት ጉንፋን ነው ብላ ታልፈዋለች። እኔም በሙያው ውስጥ ሆኜ ጉንፋን ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሳሉ የሚለወጠው።

የእህቴን ልጅ ሳል ቆጥሬዋለሁ። ያኔ የአራት ወር ልጅ ነበረች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ በስልክ መብራት ነው የማያት። ትክ ትክ ትክ ብላ ትጀምራለች፣ መሀል ላይ ትንፋሽ የለም፣ አሥራ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ፤ ፊቷ ቀላ፣ ከንፈሯ ዙሪያውን ጠቆረ፣ ምላሷ ወጣ፣ በመጨረሻ የጠባችውን ሁሉ እናቷ ትከሻ ላይ አስመልሳ ዝልፍልፍ አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና። በሁለቱ መሀል ያያት ሰው ግን ምንም አልሆነችም ይላል። ትክትክ እንዲህ ነው፦ በዙር በዙር ይመጣል፣ በዙሩ መሀል ልጁ ደህና ይመስላል፣ ዙሩ ብዙ ጊዜ በማስመለስ ያበቃል።

ትልልቅ ልጆች ዙሩ ሲያልቅ አየር ሲስቡ ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ጨቅላዎች ለዚያ ድምፅ አቅም ላይኖራቸው ይችላል። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሕፃን ጎላ ያለ ሳል ሳይኖረው ትንፋሹ ቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ "ድምፁን አልሰማሁም፣ ትክትክ አይደለም" አይባልም። ልጁ ትንፋሽ ካቆመ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባት ካቃተው ሆስፒታል ነው፣ በዚያው ሰዓት። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ባክቴሪያዋን ማን አገኛት?

ስሟ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ ነው። ቦርዴቴላ የተባለችው በቤልጂጉ ተመራማሪ በዡል ቦርዴ ስም ነው። በ1900 ትክትክ ከያዘው ልጅ አክታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አያት። ማየት አንድ ነገር ነው፣ ማብቀል ሌላ። ለማብቀል ስድስት ዓመት ፈጀበት። በ1906 እሱና ባልደረባው ኦክታቭ ዣንጉ ብራስልስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ድንች፣ ግሊሰሪንና ደም ቀላቅለው ምግብ ሠሩላት፤ ያኔ በቀለች። ድብልቁ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ቦርዴ የ1919ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፣ የተሸለመው ግን ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባጠናው ሌላ ሥራው ነው።

ፕሌት ላይ፣ ማለትም ባክቴሪያ በምናበቅልበት ዝርግ ሳህን ላይ፣ ስትበቅል ማየት ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ጉብታ ናት፣ ለስላሳ፣ ብርሃን ሲያርፍባት እንደ ሜርኩሪ ጠብታ ታብለጨልጫለች። ብዙ ሌላ ባክቴሪያ ባንድ ሌሊት ፕሌቱን ሲሞላው እሷ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታስጠብቃለች። እንደዚህ ዘገምተኛና ምግብ መራጭ መሆኗ ምርምሩንም ምርመራውንም ከባድ አድርጎታል።

ሳሉ ሲብስበት ናሙና ሰጠን፣ "ምንም አልበቀለም" አሉን። ትክትክ አይደለም ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ሌላው ጥያቄ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ባክቴሪያዋ የምትበዛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው፤ ሁላችንም ጉንፋን ነው በምንልበት ጊዜ። ወደ ሌላ ሰው በደንብ የምትተላለፈውም ያኔ ነው። አየር ቧንቧችን ውስጡ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፣ እነዚህ ፀጉሮች እንደ መጥረጊያ አክታና ቆሻሻን ወደ ላይ ይገፋሉ። እሷ የምትጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ወደ ሳንባ ሥጋ ዘልቃ፣ ወደ ደም ገብታ መዞር ልማዷ አይደለም። እዚያው ተጣብቃ መርዝ ትረጫለች። አንዱ መርዝ ፀጉር ያላቸውን ሴሎች ይገድላል። መጥረጊያው ሲጠፋ አክታ የሚወጣበት መንገድ ሳል ብቻ ይሆናል።

ከዚያ የሰውነት መከላከያ ቀስ በቀስ ያጠፋታል። የተጎዳው የአየር ቧንቧ ግን ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ሳሉ አስፈሪ በሆነበት፣ በአምስተኛው በስድስተኛው ሳምንት፣ ባክቴሪያዋ ብዙ ጊዜ የለችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ናሙና መቼ ተወሰደ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ፕሌት ላይ ለማብቀል ሳል ከጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ነው የሚሻለው። ፒሲአር የባክቴሪያዋን ዲኤንኤ ስለሚፈልግ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ድረስ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ ካለፈ በትልልቅ ሰዎች ደም ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያዋን ለመከላከል የሠራው ንጥረ ነገር፣ ይፈለጋል። አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ የማብቀል ዕድሉ ወዲያው ይወርዳል።

የእኛ ልጅ እንዲህ ሆነች። የወሰድናት ክሊኒክ ሁለቴ የጉንፋን ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። ሆስፒታል ስትገባ ሳሏ ከጀመረ ሳምንታት አልፈው ነበር፣ አንቲባዮቲክም ጀምራለች። ናሙናዋ ላይ ምንም አልበቀለም። ሐኪሙን የረዳው ሌላ ነገር ነው፦ ተራው የደም ምርመራ፣ ሲቢሲ የምንለው። ነጭ የደም ሴሎቿ፣ በተለይ ሊምፎሳይት የሚባሉት፣ ከመጠን በላይ ከፍ ብለው ነበር። ይህም የባክቴሪያዋ ሥራ ነው። ፐርቱሲስ ቶክሲን የሚባለው መርዟ ሊምፎሳይቶች ከደም ወጥተው ወደሚሠሩበት ቦታ እንዳይሄዱ ስለሚያግዳቸው ደም ውስጥ ይከማቻሉ። በጨቅላ ሕፃን ላይ ቁጥሩ በጣም ሲያሻቅብ የከባድ በሽታ ምልክት ነው። ሲቢሲ ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ውጤቱም በቶሎ ይደርሳል። በዙር የሚያስል ሕፃን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ምርመራ ብትጠይቁ አይከፋም።

ሳሉን ራሱን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው የሚለው ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየ ነገር ነው። አንዱ ምክንያት የላብራቶሪ እንስሳት እንደ ሰው በደንብ አለመሳላቸው ነው። በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚያስል አይጥ ማዘጋጀት ቻሉና በ2022 ባወጡት ጥናት የባክቴሪያዋ ሦስት ንጥረ ነገሮች ተባብረው የሳል ነርቭን ከልክ በላይ ስሱ እንደሚያደርጉት አሳዩ። ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ቅዝቃዜ ለምን አዲስ ዙር እንደሚቀሰቅስ ለማሰብ ይረዳል።

መድኃኒት ከጀመረ አምስት ቀን ሆነው፣ አሁንም ያስለዋል። መድኃኒቱ አልሠራም?

ሠርቶ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲኩ የሚገድለው ባክቴሪያዋን ነው፣ የተጎዳውን ቧንቧ አይጠግንም። በጉንፋን መሰሉ ጊዜ ከተጀመረ ሳሉን ሊያቀል ይችላል። ዘግይቶ ከተጀመረ ዋናው ጥቅሙ ልጁ ሌላ ሰው ላይ እንዳያስተላልፍ ነው። አምስት ቀን በአግባቡ ከወሰደ በኋላ አያስተላልፍም ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ግን ከባዱ ሳል ከጀመረ እስከ ሦስት ሳምንት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ትምህርት ቤትና መዋያ ያሉ ልጆችን በዚሁ አስቡት።

የሚሰጡት አዚትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና የእነሱ ወገን የሆኑት ናቸው። ከአንድ ወር በታች ላለ ሕፃን አዚትሮማይሲን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ኤሪትሮማይሲን በጨቅላዎች ላይ የጨጓራ መውጫን ከሚያጠብ ችግር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። ልጁ በኪሎው ነው የሚታዘዝለት። ሌላም ምክንያት አለ፦ በቻይና አብዛኞቹ የተገኙ የትክትክ ባክቴሪያዎች እነዚህን መድኃኒቶች መቋቋም ጀምረዋል። የሚያስፈልጋቸው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው፣ በዲኤንኤው ላይ አንድ ፊደል። እንዲህ ቀላል በሆነ ለውጥ የሚከሽፍ መድኃኒት በየሱቁ ሲበተን ያሳስበኛል።

የአህያ ወተት፣ ማር፣ ፌጦ፣ እንጥል ማስቆረጥ... የትኛው ይሠራል?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና አያቶች ናቸው፣ እኔም በአክብሮት ነው የምመልሰው፤ ልጅ ዓይን እያየ ትንፋሽ ሲያጣ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል።

የአህያ ወተት ትክትክን እንደሚያድን የሚያሳይ ጥናት አላየሁም። ግን ለምን እንደሚታመን ይገባኛል። ትክትክ ያለ መድኃኒትም በሁለት ሦስት ወሩ ይለቃል። ቻይናዎች የመቶ ቀን ሳል ይሉታል። ወተቱ የሚፈለገው ደግሞ ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ፣ በሰባተኛው ስምንተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ልጁ ይሻለዋል፣ ምስጋናው ለወተቱ ይሆናል። ሊሻለው የነበረበት ጊዜ ደርሶ ነው። ያልፈላ ወተት ደግሞ የራሱን በሽታ ይዞ ይመጣል።

ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ በፍጹም። ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለሕፃን ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳሉን ይቀሰቅሳል።

እንጥል ማስቆረጥ ግን እለምናችኋለሁ፣ ይቅር። ሳሉ ከእንጥል አይደለም የሚመጣው። የሚደማና ሊያመረቅዝ የሚችል ቁስል ትንፋሽ ባጠረው ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ መክፈት ነው።

ቤት ውስጥ የሚረዳው ቀላል ነገር ነው። ጭስ ማራቅ፦ ከሰል፣ እጣን፣ የቡና ቆሊው ሁሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ለጤነኛም አይሆንም። ካስመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማጥባት፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። የሳል ሽሮፕ አይጠቅምም።

የ45 ቀኑ ክትባት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ለምንድን ነው የሚያተኩሰው?

እኛ የ45 ቀን የምንለው በ6ኛው ሳምንት የሚጀምረው ነው፣ ከዚያ በ10ኛውና በ14ኛው ይደገማል። በአንድ መርፌ አምስት ነገር አለው፦ ትክትክ፣ ዘጊ አናዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ሄፓታይተስ ቢ፣ እና የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣ አንድ ባክቴሪያ። አገራችን ይህን አምስት በአንድ የጀመረችው በ2007 ነው። በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

የትክትኩ ክፍል ሙሉዋ ባክቴሪያ ናት፣ የተገደለች። ሕይወት የላትም፣ በሽታ አታመጣም። ግን ሙሉ ስለሆነች የሰውነት መከላከያ ሲያገኛት ይነሳባታል። ትኩሳቱና የእግሩ እብጠት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ክትባት ማታውን አተኮሳት። እህቴ ፈራችና ሁለተኛውን ሳታስከትብ ቀረች። ክትባቱ እንደሚያተኩስ ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኳትም፣ አሁን ለእያንዳንዷ አራስ የምናገረው ለዚህ ነው።

ይህ ክትባት እንዴት እንደተሠራ መናገር እወዳለሁ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የሚባሉ ሁለት ሴቶች የመንግሥት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠሩ ነበር። የቀን ሥራቸው ውሃና ወተት መመርመር ነው። ከዚያ ቀደም ባለው አሥር ዓመት ትክትክ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 6,000 ያህል ልጆች ይገድል ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሥራ ሲወጡ ማታ ማታ ትክትክ ወዳለባቸው ቤቶች ይሄዳሉ። ዘመኑ ሰው ሁሉ ሥራ ያጣበት ነው፣ ብዙው ቤት ድሃ ነው፣ አንዳንዱ በላምባ መብራት የሚኖር። ልጁ ሳል ሲነሳበት ድንችና ደም ያለበትን ፕሌት አፉ ፊት ይይዙና ይስልበታል። ፕሌቱን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ያበቅላሉ። አንድ ልጅ እስከ ስንተኛው ሳምንት እንደሚያስተላልፍ ያወቁትም፣ ለክትባቱ የሚሆን ባክቴሪያ ያገኙትም በዚሁ መንገድ ነው። በ1934 ክትባታቸውን መፈተሽ ጀመሩ፣ ሠራ። በኋላ አብራቸው የሠራች ሎኒ ጎርደን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ኬሚስት አለች፣ እልፍ አእላፍ ፕሌት አገላብጣ ጠንካራ ክትባት የሚወጣባትን ባክቴሪያ በመምረጥ ትልቅ ድርሻ አላት። ስሟ ብዙ አይጠራም፣ ሊጠራ ይገባል።

ስለ ሁለቱ ሴቶች ሳስብ የማልረሳው እነዚያን እናቶች ነው። በር ከፍተው፣ የታመመ ልጃቸውን ይዘው፣ ይሳልበት ብለው ፈቀዱ። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠን ክትባት ከእነሱ ቤት የጀመረ ነው።

ክትባቱ አእምሮ ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

ወሬው የመጣው በ1970ዎቹ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ሕፃናት ከክትባት በኋላ ባሉት ቀናት የሚጥል በሽታና የአእምሮ ጉዳት ታየባቸው ተባለ፣ ሰው ፈራ፣ የሚያስከትበው ሕዝብ ከ80 ከመቶ ገደማ ወደ 30 ከመቶ ገደማ ወረደ፣ ወረርሽኝ ተመለሰ። ጃፓንም በ1975 ሁለት ሕፃናት ከክትባት በኋላ ሞቱ ተብሎ ክትባቱ ተቋረጠ፤ በ1979 13,000 ያህል ሰው ታሞ 41 ሞተ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ክትባቱን ከአእምሮ ጉዳት ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኙም። በ2006 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በክትባቱ ተጎዱ የተባሉ 14 ሰዎችን ዘረ መል መረመሩ። በ11ዱ ላይ ከባድ የሚጥል በሽታ የሚያመጣ የዘረ መል ለውጥ ተገኘ። በሽታው አብሯቸው የተወለደ ነበር። የሚጀምረውም ሕፃናት በሚከተቡበት ዕድሜ ነው።

ያ ፍርሃት ግን አንድ ምርምር አስከተለ። ጃፓናዊው ዩጂ ሳቶ ሙሉዋን ባክቴሪያ ትቶ የተጣሩ ቁርጥራጮቿን ብቻ የያዘ ክትባት ሠራ፣ ጃፓን በ1981 ጀመረችው። ትኩሳቱ ይቀንሳል። ሀብታም አገሮች አብዛኞቹ ወደዚህ ዞረዋል። የእኛው ግን አሁንም የሙሉዋ ነው፣ እኔ ደግሞ ይህ አያስከፋኝም። ምክንያቱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ተከትቤያለሁ፣ ትልቅ ሰው ነኝ። ይይዘኛል?

ይይዝሃል፣ ይይዝሻል። የክትባቱ መከላከል ከ4 እስከ 12 ዓመት ገደማ ቆይቶ ይደክማል። ታሞ የዳነ ሰውም ቢሆን ለዘላለም አይጠበቅም። በትልቅ ሰው ላይ አልለቅ ያለ ሳል ሆኖ ያልፋል፣ ማንም ትክትክ ብሎ አያስበውም። የእኛን ልጅ ማን እንዳስያዛት እርግጠኛ ሆኖ መናገር ባይቻልም፣ እሷ ከመታመሟ በፊት አባቷ ሦስት ሳምንት ሲያስለው ነበር።

የቁርጥራጩ ክትባት ከሙሉዋው ቶሎ ይደክማል። በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች፣ ቶድ መርኬልና ባልደረቦቹ፣ በዝንጀሮዎች ላይ የሠሩት ጥናት አለ፤ ዝንጀሮ እንደ ሰው በትክትክ ይታመማል፣ ይስላል። በቁርጥራጩ የተከተቡት አልታመሙም፣ ነገር ግን ባክቴሪያዋ ጉሮሯቸው ውስጥ ለሳምንታት ቆየች፣ ወደ ሌሎችም ዝንጀሮዎች ተላለፈች። በሙሉዋ የተከተቡት ላይ ቶሎ ጠፋች። እህቴ ትኩሳቱን ስታነሳብኝ ይህን ጥናት ነው የምነግራት።

ከውሻ ወይም ከበግ ይተላለፋል?

አይተላለፍም። እሷ የሰው ብቻ ናት። ውሾችን የሚያስለው ዘመዷ ነው፣ ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ ይባላል፣ ሰው ላይ ብዙም አይታይም። የእኛዋ ከእንደዚያ ዓይነት ባክቴሪያ የመጣች ናት፣ ከሰው ጋር ስትኖር ብዙ ዘረ መሎቿን ጥላለች። በ2003 ሙሉ ዲኤንኤዋ ሲነበብ ይህ በግልጽ ታየ፦ አራት ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፣ ከዘመዷ ያነሰ። ከሰው ውጭ መኖሪያ የላትም። የምታልፈው ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነው፣ በሳልና በትንፋሽ፣ እንደ ሚኒባስ መስኮት ተዘግቶ በሚኬድበት ቦታ።

አሁን ምርምሩ ምን ላይ ነው?

ዋናው ጥያቄ ባክቴሪያዋ ጉሮሮ ላይ ጭራሽ እንዳትቀመጥ የሚያደርግ ክትባት እንዴት ይሠራ የሚል ነው። ፈረንሳይ ሊል ከተማ በፓስተር ኢንስቲትዩት ካሚይ ሎክት የሚመሩት ቡድን በአፍንጫ የሚሰጥ፣ መርዟ የተነጠቀ ሕያው ባክቴሪያ ሠርቷል፣ በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ደግሞ ፈቃደኛ ጤነኛ አዋቂዎች ሆን ተብሎ ባክቴሪያዋ በአፍንጫቸው ተሰጣቸው፤ ተለይተው ሲቆዩ እየተጠኑ፣ መጨረሻ ላይ አዚትሮማይሲን ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ማለትም ማንም የማያያቸው ቀናት፣ ምን እንደሚመስሉ የታየው በእንደዚህ ዓይነት ጥናት ነው።

አፍሪካስ? በ2017 የወጣ አንድ ስሌት በ2014 ከአምስት ዓመት በታች 24.1 ሚሊዮን ልጆች ትክትክ እንደያዛቸውና 160,700 እንደሞቱ ገምቷል። ከሟቾቹ 58 ከመቶው አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ግምት ነው ያልኩት በምክንያት ነው። ናሙና የሚወሰደው ጥቂት ቦታ ነው፣ የሚወሰደውም ዘግይቶ ነው፣ የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ተብሎ ይመዘገባል።

ናሙና ሲወሰድ ልጄን ያመዋል?

ደስ አይለውም፣ ያለቅሳል፣ ግን ሴኮንዶች ነው። ቀጭን ተጣጣፊ ስዋብ በአፍንጫው ወደ ኋላ ይገባል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ይወጣል። የኮሮና ምርመራ ያደረገ ያውቀዋል። ለማብቀል ከሆነ ስዋቡ ጥጥ አይሆንም። ጥጥ ውስጥ ያለ የቅባት አሲድ ባክቴሪያዋን ይጎዳታል። ናሙናው የሚጓዝበት ምግብ ጥቁር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ከሰል አለበት፣ ከሰሉ ያንን አሲድ ይመጥላታል። ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ግንባሩን ደረታችሁ ላይ ደገፍ ብታደርጉለት በጣም ያግዛል።

ልጄ ገና የሦስት ሳምንት ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ ትክትክ ይዞታል። ምን ላድርግ?

ይሄን የጠየቀችኝ ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ ያለች አራስ ናት፣ ባለፈው ሳምንት።

ሦስት ሳምንት ለክትባት ገና ነው። በብዙ አገሮች እናት እርጉዝ ሳለች የትክትክ ክትባት ትወስዳለች፣ አንቲቦዲው ወደ ልጁ ያልፋል። እንግሊዝ በ2012 ከጀመረች በኋላ የተሠራ ጥናት ጨቅላዎችን 90 ከመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል። እኛ አገር እርጉዝ የምትወስደው የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ ነው፣ ትክትክ የለበትም። ስለዚህ የሷ ልጅ አሁን ያለው መከላከያ ሰው ነው።

የነገርኳት ይሄን ነው። ያ ልጅና ቤተሰቡ መድኃኒቱን አምስት ቀን በአግባቡ እስኪወስዱ አትገናኙ። አብራችሁ የነበራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ "ትክትክ ካለበት ጋር ተገናኝተናል፣ አራስ ልጅ አለኝ" በዪ፤ ሳል ሳይጀምርም መከላከያ አንቲባዮቲክ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። አራስ ጥየቃ የሚመጣውን ሰው የሚያስለው ከሆነ ገንፎውን ሳሎን በልቶ ይሂድ፣ ልጁን አይሳም። ወንድ ልጅ ነው፣ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፣ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የዚያን ቀን ከእጅ እጅ አይዙር፣ እናቱ ወይም ክርስትና አባቱ ይያዘው። "ሰው ይቀየመኛል" አለችኝ። እኔ አስረዳቸዋለሁ አልኳት፣ ቅዳሜም አራስ ጥየቃ ለመጡት ደረጃው ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከመጡት ሁለቱ ሲያስላቸው የከረሙ ነበሩ፣ አንዷ አክስቱ ናት፤ በሩ ላይ ቆማ በሩቁ መርቃው ተመለሰች።